ሳይለካ የተሰፋው ጋውን

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር።

በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ይሰፋል። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ ነገ ሄዳችሁ ሰውየውን በጥያቄ ታደርቁታላችሁ፤ እሱ ደግሞ ሥራ አለበት። ስሙን ብቻ ጋሽ ይልቃል እንበለው።

ጋሽ ይልቃል አንድ አመል ነበረው። ሳይለካ አይቆርጥም። ደንበኛው የስንት ዓመት ደንበኛ ቢሆን፣ ባለፈው ሳምንት ሱሪ ያሰፋ ቢሆን፣ «ልኬማ አንተ ጋ አለ» ቢለው አይሰማም። «ቁም እስቲ» ይለዋል። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን እንደገና ይለካዋል። «ሰው ይከሳል፣ ሰው ይወፍራል፤ እኔ የምሰፋው ለዛሬው ሰውዬ ነው» ይላል። የከተማው ሰው ሲቀልድበት፣ «ጋሽ ይልቃል ሬሳ ቢያመጡለት እንኳ ቁም ልለካህ ይለዋል» ይባላል።

ታዲያ ይህ ሰው፣ ወገኖቼ፣ በዕድሜው አንድ ልብስ ሳይለካ ሰፋ። አንድ ብቻ። ያውም ለሩቅ ሰው አይደለም። ለገዛ ልጁ።

እንዴት መሰላችሁ?

ልጅቷ ሰርካለም ትባላለች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። የማትሪክ ውጤት መጣ፤ ከዚያ ምደባ መጣ፤ ሕክምና ደረሳት። ያን ቀን ሱቁ የሰርግ ቤት መሰለ። የአውቶቡስ ረዳቶች ሳይቀሩ ሥራቸውን ጥለው ገብተው እጁን ጨበጡት። አባት ሆዬ ምን አደረገ? ነጭ ቴትሮን ከመደርደሪያው አወረደ፣ መቀሱን አነሳ፣ ሰው እንደከበበው ጋውን መስፋት ጀመረ።

በማን ልክ? አንድ ጊዜ ሚስቱ ታማ ትልቅ ሆስፒታል ወስዷት ነበር። እዚያ ያከማት ሐኪም ግዙፍ ሰው ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል። ሚስቱም ድና ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጋሽ ይልቃል ዶክተር ማለት ያ ትከሻ ነው። የልጁንም ጋውን የሰፋው በዚያ ትከሻ ልክ ነው።

ልጅቱ የት ነበረች? ሌላ አገር ነበረች? እዚያው ነበረች እኮ። ሱቁ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ለእንግዳው ሁሉ ወንበር ታቀርብ ነበር። «ቁሚ እስቲ» ቢላት ትቆም ነበር። ለከተማው ሰው ሁሉ የሚላትን ያችን ቃል ለልጁ አላላትም።

ለበሰችው። እጅጌው ጣቶቿን ዋጠ። ትከሻው ክንዷ ላይ ወረደ። ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። አባቷ ግን ምንም አልመሰለው። ወላጅ ሁሉ በመስከረም ዩኒፎርም ሲያሰፋ የሚላትን አለ፤ «ግድ የለም፣ ታድግበታለች።»

ወላጆች፣ እየሳቃችሁ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ። ትንሽ ቆይተን እንመለስበታለን።

የምትሄድበት ቀን ደረሰ። መናኸሪያው ላይ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። እሱም እጁን ከራሷ ላይ ጫነና፣ «ዶክተር ሆነሽ ተመለሽ» ብሎ መረቃት። የተሰበሰበው ሁሉ አሜን አለ። አውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጡት እንኳ በመስኮት አሜን አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያችን ልጅ በስሟ የሚጠራት ጠፋ።

ገና ፍሬሽማን ናት። ገና የግቢውን መንገድ አልለመደችም። ለእረፍት ስትመጣ ግን ከአውቶቡሱ እንደወረደች «ዶክተር» ነው። ሻንጣዋን የሚሸከምላት ሰው ዶክተር ይላታል፤ ባለሱቁ ዶክተር ይላታል። ጎረቤታቸው እትዬ ዘርትሁን ደግሞ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ደጃፍ ላይ ይጠብቋታል።

«ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ጉልበቴን እይልኝ።»

«እትዬ ዘርትሁን፣ እኔ እኮ ገና ነኝ። እስካሁን ያየሁት የእንቁራሪት እግር ነው።»

«እሱስ ቢሆን እግር አይደል?»

እንዲህ ነው የኛ ሰው። ስሙን ከሰጠ በኋላ ትምህርቱ እስኪያልቅም አይጠብቅም። አባትየውም አልቀረለትም፤ «የዶክተር አባት» ሆነ። እድር ሲሄድ «የዶክተር አባት ይለፍ» ይባላል፤ ከፊት ወንበር ይለቀቅለታል። ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሰው ሱሪ ጠርዝ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ያ ወንበር ምን ያህል እንደጣፈጠው እናንተው ገምቱት። እኔ አልፈርድበትም።

አንዲት ሰው ብቻ ነበረች በዚህ ነገር ያልተደሰተች። እናቷ። አንድ ቀን ባሏን እንዲህ አለችው፤ «እኔ የወለድኳት ሰርካለምን ነው። ዶክተሯን የወለዳት ሰፈሩ ነው።» እሱ ሳቀና መኪናውን መርገጥ ቀጠለ።

አሁን ስሙኝ። ሰርካለም ትምህርቷን አልጠላችም። አልወደቀችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ መጨረሻውን ስትሰሙ «ያው ከብዷት ነው» እንዳትሉ ብዬ ነው። እናውቃችኋለን።

ግን አንድ ነገር ነበር። ለእረፍት ስትመጣ ከሱቁ ጓሮ የሰፈር ተማሪዎችን ሰብስባ ታስተምራለች። ሰሌዳ የለም። የጓሮው በር ጥቁር የተቀባ እንጨት ነው፤ እሱ ላይ ትጽፋለች። በምን? በአባቷ ጠመኔ፣ ጨርቅ በሚያሰምርበት። ጋሽ ይልቃል ደግሞ ዓመት በመጣ ቁጥር «እዚህ ቤት ጠመኔ የሚበላ ምን ገባብኝ?» እያለ ያማርራል።

ሦስተኛ ዓመት ደረሰች። አስተማሪው ሐኪም ተማሪዎቹን አልጋ ዙሪያ አቁሞ ስለ በሽተኛው ያስረዳል። ጓደኞቿ በሽታውን ያያሉ። እሷ ግን ሐኪሙን ታያለች። እንዴት አስረዳው? ይቺን ነገር እንዴት አቀለላት? እኔ ብሆን ለነዚያ ለጓሮው ልጆች እንዴት እነግራቸው ነበር? ሁልጊዜ ልቧ ወደዚያ ነው። የወጣችበት ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ከጠፋ ሰንብቷል። ይህንንም ታውቃለች፤ በዚህ የተነሳ ፈተና ያላለፉት ልጆች የጎረቤቶቿ ልጆች ናቸው።

ለብዙ ጊዜ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ጸለየችም። ከዚያ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄዳ ጠየቀች። እዚያ ያለው ሰው ቀና ብሎ አያት። «ወደ ሕክምና ለመግባት ነው የምትፈልጊው?» አላት። «ከሕክምና ለመውጣት ነው» አለችው። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ሕክምና ለመግባት ሲለምኑት እንጂ ለመውጣት የለመነው አልነበረም። እሺ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ወስነሽ ተመለሽ አላት።

እሷም ወደ አገሯ ተሳፈረች። ጋውኑን ይዛ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለምን ተሳፈረች? ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሰው አይደለችም? ዝም ብላ ትቀይርና ትማር ነበር። አባቷ በምን ያውቃል? እስኪመረቁ ድረስ ለቤታቸው «ሁሉም ሰላም ነው» የሚሉ ስንት አሉ። እዚህም ተቀምጣችኋል፤ ወደ ማንም አልጠቁምም። ወይ ደግሞ ሌላው መንገድ ነበራት። አፏን ይዛ ሕክምናውን መጨረስ፣ ስሙን መልበስ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ የሰው ገላ መንካት። እሷ ሁለቱንም አላደረገችም። ይቺ ልጅ ታኮራኛለች። እውነትን ይዞ አባት ፊት መቆም ከፈተና ሁሉ ይከብዳል።

ሱቁ ገባች። ጋውኑን አጣጥፋ ከአባቷ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሦስቱን ዓመት እጅጌውን እያጠፈች ለብሳዋለች፤ አንድም ቀን አላደገችበትም።

«አባዬ፣ ትምህርት ክፍል ልቀይር ነው።»

መኪናውን መርገጥ አላቆመም። «ወድቀሽ ነው?»

«አልወደቅሁም።»

«ታመሽ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«ሰው ያስቀየመሽ አለ?»

«ማንም ምንም አላለኝም፣ አባዬ። ፊዚክስ ልማር ነው። ተምሬ መጥቼ እዚሁ ላስተምር ነው።»

አሁን መኪናው ቆመ።

«አስተማሪ?» አለ። ቃሉን እንደ ባዕድ ቃል ነበር ያወጣው። «የሰው ልጅ ዶክተር መሆን ትቶ አስተማሪ?»

አትፍረዱበት። እኛው ነን እንዲህ ያደረግነው። አስተማሪ ሚስት ሊያጭ ሽማግሌ ሲልክ፣ «እሺ፣ ሌላስ ምን ይሠራል?» ብለን የምንጠይቅ እኛ አይደለንም? ልጃችን ፊደል የቆጠረበትን ሰው በመንገድ ስናገኝ ሰላም ብለን እናልፋለን፤ ሐኪሙን ስናገኝ ባርኔጣ እናወልቃለን። ሐኪሙን ያስተማረው ማነው?

ጋሽ ይልቃል ብዙ አልተናገረም። «የከተማውን ሰው ምን ልበለው?» አለ። እሷም እንዲህ አለችው፤

«አባዬ፣ ብትቆጣኝ እችለዋለሁ። ሳትመርቀኝ ግን አልሄድም።»

«አንድ ጊዜ መርቄሻለሁ። ዶክተር ሆነሽ ተመለሽ ብያለሁ፤ ሰው ሁሉ አሜን ብሏል። ምርቃት አይታጠፍም» አለና ፊቱን ወደ መኪናው መለሰ።

የአባት ምርቃት በኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያለ እሱ መሄድ ትችላለች፤ ማንም እግሯን አይዛትም። ግን አልሄደችም። ሻንጣዋን አዘጋጅታ ከበር ሥር አስቀመጠች። ጠዋት አውቶቡሱ ጥሩምባ ይነፋል፤ አባቷን ታየዋለች፤ እሱ ቀና አይልም፤ አውቶቡሱ ይሄዳል። በማግስቱም እንዲሁ። ምዝገባው ሊዘጋ ነው። እናቷ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች፣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጋውኑ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ሱቁን ሞልቶታል። ጋሽ ይልቃል ወደዚያ ግድግዳ ማየት አስጠላው።

ታዲያ እግዚአብሔር በምን በኩል እንደሚገባ ማን ያውቃል? በዚያ ሱቅ የገባው በአንዲት ተቆጪ ሴት በኩል ነው።

ሴትየዋ የትልቁን ልጇን ሱፍ ይዛ መጣች። ትንሹ ልጅ ሚዜ ሊሆን ነው፤ አጥብብለት፣ አሳጥርለት አለች።

«ልጁን አምጪው» አላት ጋሽ ይልቃል።

«ልጁ መጥቶ ምን ያደርግልሃል? ልብሱ ይኸው። ወንድማማቾች ናቸው፤ በዓይንህ ገምተህ ቁረጠው።»

«እህቴ፣ እኔ ልብስ አልለካም። ሰው ነው የምለካው። ልጁ ፊቴ ሳይቆም መቀስ አላነሳም።»

ሴትየዋን ፀሐይ መትቷታል፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ሱፉን ከጠረጴዛው ላይ መንጭቃ አነሳች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ጋውኑን በአገጯ አሳየችው። «ለራስህ ልጅ ግን ሳትለካ ሰፍተሃል። ያን ቀን እዚህ ነበርን እኮ፤ አይተናል» አለችው። ሄደች።

እሷ የተናገረችው ስለ ጨርቅ ነው። ተናዳ ነው፤ ሌላ ነገር አላሰበችም። ይህን የነገረኝ ራሱ ጋሽ ይልቃል ነው። እንደምታዩኝ አጭር ሰው ነኝ፤ ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ነው የነገረኝ። «አባቴ፣ ያቺ ሴት በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «የባዕድ ልጅ ሳይቆም አልቆርጥም ያልኩት ሰውዬ፣ የራሴን ልጅ አንድ ቀን ቁሚ ብያት አላውቅም።»

መኪናው ላይ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ፣ ከጓሮ ድምፅ ሰማ። ሰርካለም ልጆቹን ታስተምራለች። ልቧ አዝኖ፣ ሻንጣዋ በር ሥር ተቀምጦ፣ እሷ ታስተምራለች። ተነሳና በበሩ ስንጥቅ አየ። ለዓመታት ያ በር ከጀርባው ነበር፤ አንድ ቀን ዞሮ አላየም።

አንዲት ተማሪ «አልገባኝም» አለች። አንገቷን ደፍታ ነው ያለችው፣ እንደ ጥፋተኛ። ሰርካለም ምን አለቻት? «እሺ፣ እኔ ነኝ በደንብ ያላስረዳሁሽ። እንደገና እንጀምር።» የጻፈችውን ሁሉ በክንዷ ጠረገችው። ከዚያ እንዲህ ብላ ጠየቀቻቸው፤

«የአባዬን መኪና አይታችኋል? ከታች ትልቅ ጎማ አለ፣ ከላይ ትንሽ ጎማ አለ፣ በመሐል ቀበቶ አለ። አባዬ ትልቁን አንዴ ሲያዞረው ትንሹ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ለዚህ ነው እግሩ ቀስ ሲል መርፌው የሚፈጥነው። ለምን ይመስላችኋል?»

ልጆቹ ተንጫጩ። አንዱ ሮጦ መኪናውን ልይ አለ። ያቺ አንገቷን የደፋች ልጅ ቀና አለች። ሰርካለም ጠመኔውን ሰጠቻትና ቦታዋን ለቀቀችላት።

ጋሽ ይልቃል ያን መኪና ዕድሜውን ሙሉ ረግጦታል። ለምን እንደሚፈጥን አስቦ አያውቅም። ልጁ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታየው ኖሯል። እሱ አያያትም፤ እሷ ግን እግሩን ታያለች፣ ጎማውን ታያለች፣ ታስባለች። ደግሞ ፊቷን አየ። ከግቢ ስትመጣ ሁልጊዜ የሰው ዕቃ ተሸክማ እንደመጣች ሰው ነበረች። አሁን ፊቷ እንደዚያ አይደለም። «ሕፃን ሳለች የነበራት ፊት ነው» አለኝ።

ልጆቹ ሄዱ። በሩን ከፈተ።

«ሰርካለም።»

ዶክተር አላላትም። ሰምታዋለች።

«አቤት፣ አባዬ።»

«ነይ እስቲ ግቢ።» ገባች። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። «ቁሚ እስቲ።»

ቆመች። ትከሻዋን ለካ። ቁጥሩን አየና እንደገና ለካ። እጅሽን ዘርጊ አላት፣ ዘረጋች። እጅጌዋን ለካ። ወገቧን፣ ቁመቷን ለካ። በመጨረሻ፣ «ትከሻሽ እንደ እናትሽ ጠባብ ነው። እኔ አላየሁም ነበር» አላት።

አለቀሰ ወይ? እሱ አላለቀስኩም ይላል። እኔ እንጃ። ሲነግረኝ ግን መርፌ የጠፋበት መስሎ ጎንበስ ብሏል።

«ምን ልትሰፋልኝ ነው፣ አባዬ?» አለችው።

ከምስማሩ ላይ ጋውኑን አወረደ። ስፌቱን መተርተር ጀመረ።

«አስተማሪስ ጋውን ይለብስ የለ?» አለ።

ወገኖቼ፣ አስታውሱ እስቲ። አንደኛ ክፍል ስትገቡ ከፊታችሁ የቆመው ሰው ምን ለብሶ ነበር? ነጭ ጋውን። ትከሻው ላይ የጠመኔ ብናኝ፣ ኪሱ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም። ያው ነጭ ጨርቅ ነው። ያው ቁልፍ ነው። ጋሽ ይልቃል አዲስ ጨርቅ አልገዛም። የነበረውን ተረተረ፣ በልኳ ቆረጠ፣ ሰፋላት።

በማግስቱ አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ሰርካለም ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። ሰው ተሰብስቧል፤ ወሬው አስቀድሞ ደርሷል፤ ሁሉም ጆሮውን አቁሟል። አባትየው እጁን ከራሷ ላይ ጫነ።

«ሰርካለም ሆነሽ ሂጂ። ሰርካለም ሆነሽ ተመለሽ።»

ያን ቀን አሜን ያለችው እናቷ ብቻ ናት። ሌላው ግራ ገብቶት ቆመ። አንድ አሜን ግን በቂ ነበር።

የሚከብደው ገና ከኋላ ነው የመጣው። በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ጋሽ ይልቃል ገባ። እንደልማዱ «የዶክተር አባት ይለፍ» ተባለ። አንዱም፣ «ለመሆኑ ዶክተር እንዴት ናት?» አለው። ያ ሰው ወሬውን ያውቃል፤ ከአባትየው አፍ ሊሰማው ነው። ጋሽ ይልቃል ምን ቢል ያልፍ ነበር? «ደህና ናት» ቢል በቃ ነበር። ወንበሩም ይቀጥል ነበር።

«እኛ ቤት ዶክተር የለችም። ሰርካለም ግን ደህና ናት፤ አስተማሪ ልትሆን ነው» አለ። ከፊት አልሄደም። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

ከኋላ የሳቀ ነበር። «አባረዋት ነው» ብሎ የሾከሾከም ነበር። ሰማው፤ ቁጭ ብሎ ሰማው።

እኔ ብዙ ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁ። ስለ አንዳንዶቹ እዚህ ቆሜ ተናግሬያለሁ። በሩ አጠገብ እንደተቀመጠው እንደዚያ ልብስ ሰፊ ግን የማከብረው ጥቂት ነው። ልጅቱ የከተማውን ስም አወለቀች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባትየው ደግሞ አብሯት አወለቀ። እሱ ምን ምትክ ነበረው? እሷ የምትወደውን ትምህርት አገኘች። እሱ ያገኘው ልጁን ነው፤ በቃኝ አለ።

ዛሬ ሰርካለም በወጣችበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ሁሉ አለፉ፣ ከተማው ሁሉ አጨበጨበ ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ። ያን አላውቅም፤ የማላውቀውን አልሰብክም። የማውቀው፣ ሱሪዬን ላሳጥር የሄድኩ ቀን ከጓሮ የልጆች ድምፅ ሰምቻለሁ። «ጋሽ ይልቃል፣ ጠመኔው አሁንም ይጠፋል?» አልኩት። «ይጠፋል፤ ትርፍ እየገዛሁ አስቀምጣለሁ» አለኝ። እትዬ ዘርትሁን አሁንም ዶክተር እያሏት ጉልበታቸውን ያሳዩዋታል። እሷም እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ ትወስዳቸዋለች።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ዘንድሮ ግቢ የገባችሁ፣ በቅርቡ ዲፓርትመንት የምትመርጡ ልጆቼ፤ ልታዩዋቸው ከሩቅ የመጣችሁ ወላጆች፤ ሁለታችሁም ስሙኝ።

ነገ ጠዋት ሄዳችሁ ትምህርት ቀይሩ አላልኩም። ከአዳራሹ ስትወጡ «ሰባኪው ነው ያለኝ» የሚል እንዳይኖር። ሐኪም ያስፈልገናል። እኔ ራሴ የደም ግፊት አለብኝ፤ ሐኪሞች በሙሉ ፊዚክስ ልማር ቢሉ የመጀመሪያው ሟች እኔ ነኝ። ለሐኪምነት የተለካ ትከሻ ያለው ሐኪም ይሁን፤ እግዚአብሔር ያበርታው። ፈተና ከበደኝ ብሎ መሸሽም ሌላ ነገር ነው። የሚከብድ ሁሉ የሰው ልብስ አይደለም፤ የራስም ልብስ አዲስ ሲሆን ይከረክራል።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የለበስከው በማን ልክ ተሰፋ? የለበስሽው በማን ልክ ተሰፋ? በአጎትህ ልክ ነው? ጎረቤት በሰጠሽ ስም ልክ ነው? እጅጌውን እያጠፍክ የምትሄደው እስከ መቼ ነው? ካልሆነህ ተናገር። ግን እንደ ሰርካለም ተናገር። ተሳፍረህ ሂድ፣ አባትህ ፊት ቁም፣ እውነቱን አስቀምጥ፣ ምርቃቱንም ጠብቅ። በስልክ አይደለም። በጓደኛ አፍ አይደለም። እምቢ ቢልህም እውነትህን ነግረኸው ትሄዳለህ።

ወላጆች፣ ቅድም ሳቃችሁ ነበር፤ «ታድግበታለች» ስል። እኛ ለባዕድ ሰው ስንት እንጠነቀቃለን። የጎረቤት ልጅ ምን እንደሚወድ እንጠይቃለን። የራሳችን ልጅ ግን አጠገባችን ወንበር ስታቀርብ፣ ስትስቅ፣ ዝም ስትል፣ እኛ በሌላ ሰው ትከሻ ልክ እንቆርጣለን። ደግሞ በፍቅር ነው! ጋሽ ይልቃል ጋውኑን በጥላቻ አልሰፋም። ሚስቱን ያዳነለትን ሰው አክብሮ ነው የሰፋው። ፍቅርም ሳይለካ ከሰፋ ያስጨንቃል። ከጀርባችሁ በር አለ። ዛሬ ዞር በሉና በስንጥቁ እዩ። ልጃችሁ እዚያ ምን እያደረገ ነው? ፊቱ የሚበራው ምን ሲሠራ ነው?

እግዚአብሔር ማናችንንም በጅምላ አልሠራንም። እያንዳንዳችንን ፊቱ አቁሞ ነው የሠራን። ትከሻችንን ያውቃል። ስማችንንም ያውቃል፤ ከተማው የሰጠንን አይደለም፣ እናታችን ያወጣችልንን።

ዛሬ ማታ ከመለያየታችሁ በፊት፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ልጃችሁን በስሙ ጥሩት። ኢንጂነር አትበሉት፣ ዶክተር አትበሉት። በስሙ ብቻ። ከዚያ ዝም በሉና የሚላችሁን ስሙ።

አሁን እንጸልያለን። ልጆች ከወላጆቻችሁ አጠገብ ሁኑ። ወላጆች እጃችሁን ከልጆቻችሁ ትከሻ ላይ አድርጉ፤ ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ፣ ዛሬ በእጃችሁ እወቁት።

ቁሙ እስቲ።